ያለ እኛ የሚውልና የሚያድር ዓለም

የቪዲዮ ጨዋታን ነገር በዚህች መጽሔት ላይ ማንሳታችን ቅር የሚያሰኘው አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። «ስለ ግጥምና ስለ ልብ ወለድ መጻፍ ሲገባችሁ ስለ ልጆች መጫወቻ?» የሚል አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። የልብ ወለድ ጸሐፊ ሰው ፈጥሮ ሰፈር ውስጥ ያኖራል፤ የጨዋታ ሠሪም እንዲሁ ያደርጋል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የልብ ወለዱ ሰፈር አንባቢው ገጹን እስኪገልጥ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል፤ የጨዋታው ሰፈር ግን «ቆሞ አይጠብቅህም፣ የራሱ ኑሮ አለው» ተብሎ ነው የሚሸጥልን። እውን አይጠብቅም ወይ? የዛሬው ጥያቄያችን ይኸው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ነገሩን ከሥሩ እንያዝ። በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ ሲያሳትሙ ኮምፒዩተር በመካከሉ አልነበረም። ወረቀት፣ እርሳስ፣ ዳይስ፣ ደግሞም አንድ ሰው። ያ ሰው ጨዋታውን የሚመራው ነው። ተጫዋቹ «ወደ መጠጥ ቤቱ ገብቼ ባለቤቷን ስለ ልጇ እጠይቃታለሁ» ቢለው፣ መሪው አገጩን አሸት አሸት አድርጎ ለልጁ ስም ያወጣለታል፤ የት እንደሄደም ይፈጥራል። በሳምንቱ ሲገናኙ ሴትዮዋን ያስታውሳታል፣ ተጫዋቹ ዕዳውን ሳይከፍል መውጣቱንም ያስታውሳል። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ያለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ታሪክ፣ በእኛ አስተያየት፣ ይህን ሰውዬ ለመተካት የተደረገ ልፋት ነው። ማሽን አገጩን አያሽም። የማያውቀውን ሲጠይቁት ዝም ይላል፤ ወይም ያንኑ ዐረፍተ ነገር ይደግማል።

ከለፉት መካከል ቀደም ብሎ የሚጠራው ሪቻርድ ጋሪየት ነው። «አልቲማ» የተባለውን ተከታታይ ጨዋታ በ1981 ጀመረ። እኛን የሚያስደንቀን አራተኛው ክፍል ነው፤ 1985። የተሠራው 64 ኪሎባይት ማስታወሻ ላለው ማሽን ነበር፤ ዛሬ በስልክ የሚነሣ አንድ ተራ ፎቶግራፍ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ጨዋታ መጨረሻ ላይ የሚገደል ሊቀ ሰይጣን የለም። ተጫዋቹ ስምንት በጎ ምግባሮችን በራሱ ላይ ማሳየት አለበት። አሁን አንዷን ሱቅ እንይ። የአስማት ቅመም የምትሸጠው ሴት ዓይነ ስውር ናት። ዕቃው ይኸውልህ ትልሃለች፤ ገንዘቡን የምትቆጥረው አንተው ራስህ ነህ። ብዙ ወስደህ አንዲት ወርቅ ብታስቀምጥ አመስግና ትሸኝሃለች። ዘበኛ አይመጣም፣ ማንም አይጮኽም። ማሽኑ ግን በሆዱ ይዞታል። ከስንት ሰዓት ጨዋታ በኋላ በንጉሡ ግቢ የተቀመጠውን ባለ ራእይ ስለ ሐቀኝነትህ ስትጠይቀው ያወጣዋል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ያቺ ሴት በስክሪኑ ላይ ከጥቂት ነጠብጣቦች የበለጠች አይደለችም። አትንቀሳቀስም፣ ፊት የላትም። ነገር ግን ተጫዋቹ በእሷ ላይ የሠራው ነገር ጠፍቶ አልቀረም። ሠሪዎች ለረጅም ጊዜ ሕያውነትን በሥዕል ጥራትና በዛፍ ብዛት ሲፈልጉት ኖረዋል። ዳሩ ግን አንድ ዓለም ያደረግነውን የሚያስታውስ ከሆነ በነጠብጣብ የተሣለም ቢሆን ይበቃናል፤ የማያስታውስ ከሆነ ቅጠሉ አንድ ባንድ ቢወዛወዝ ምን ዋጋ አለው?

ማስታወስ አንዱ ነገር ነው። ሁለተኛው የሰው የራሱ ጉዳይ ነው። በ1988 በወጣው በአምስተኛው አልቲማ ነዋሪዎቹ የሰዓት ፕሮግራም ተሰጣቸው፦ ይነሣሉ፣ ወደ ሥራ ይሄዳሉ፣ ይበላሉ፣ ይተኛሉ። በእኩለ ሌሊት ወደ አንጥረኛው ሱቅ የሄደ ተጫዋች አንጥረኛውን አያገኘውም። ዛሬ ይህ ተራ ነገር ይመስላል። ያን ጊዜ ግን ተጫዋቹ ለመጀመሪያ ጊዜ «ነገ ና» የተባለ ያህል ነበር፤ ከዚያ በፊት ሱቅ ማለት ለተጫዋቹ ሲባል ሃያ አራት ሰዓት ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነበርና።

በ1992 የወጣው ሰባተኛው ክፍል ደግሞ ዳቦ ይዞ መጣ። ይህን ጨዋታ የሚያውቁ ሰዎች ታሪኩን ረስተው እንኳ ዳቦውን አይረሱም። ዱቄት ይወሰዳል፣ ጠረጴዛ ላይ ይደረጋል፣ ከባልዲ ውሃ ይጨመርበታል፣ ሊጥ ይሆናል፣ ምድጃ ላይ ይቀመጣል፣ ጥቂት ቆይቶ ዳቦ ሆኖ ይወጣል። በዋናው ከተማ ያለው ዳቦ ጋጋሪ ቀጥሮ ያሠራል፤ ለተጋገረው ዳቦ ሒሳብ ይከፍላል። ታሪኩ የሚጀምረው በግድያ ነው፤ ዓለም ሊጠፋ ነው፤ ተጫዋቹ ግን ሊጥ ያቦካል! ሠሪዎቹ ይህን ያህል የለፉበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዳቦ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ከየትም የመጣ ዕቃ ሲሆን ዓለሙ መጋዘን ነው። ዳቦ ከዱቄት፣ ዱቄት ከሰው እጅ ሲመጣ ግን ዓለሙ አገር ይሆናል። የተጫዋቹ ባልደረቦችም ይርባቸዋል፣ ሲርባቸውም ያማርራሉ። ከመካከላችን አንዱ ይህን ማማረር ከጨዋታው ሁሉ የሚያናድድ ነገር ነው ይላል። እኛ የቀረነው የሚያናድድ መሆኑን አንክድም፤ የሚያናድድ ሰው ግን ሰው ነው።

ስለ ስፋት ብዙ አንደክምም። «ዳገርፎል» የተባለው የቤተዝዳ ኩባንያ ጨዋታ በ1996 ሲወጣ ከ15,000 በላይ ከተሞች፣ መንደሮችና ዋሻዎች፣ 750,000 ነዋሪዎች እንዳሉት ተነግሮለት ነበር። ማሽኑ ራሱ በቀመር የቀመራቸው ናቸው። በእግሩ አቋርጠዋለሁ ያለ ሰው ቀናት ይፈጅበታል። ሦስት ከተማ ያየ ግን ሁሉንም አይቷል። የመቶኛው መንደር ሰው የመጀመሪያው መንደር ሰው ያለውን ይላል። ስፋት ማለት ይኸው ነው፣ እንለፈው።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነውን ታሪክ እናውራ። በ1997 «አልቲማ ኦንላይን» ወጣ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው በአንድ ዓለም ውስጥ የሚኖሩበት ነበር። ሠሪዎቹ፣ ከእነሱም መካከል ራፍ ኮስተር፣ ትልቅ ሐሳብ ነበራቸው። እንስሳቱ እርስ በርስ እንዲተሳሰሩ አቀዱ፦ ሣር የሚበላ አለ፣ ሣር በሊውን የሚበላ አለ፣ ከሁሉ በላይ ዘንዶው አለ። የዱር እንስሳ ሲያንስ አውሬው ይርበዋል፣ ሲርበው ወደ ሰው መንደር ይጠጋል። ተጫዋቹም ይህን አይቶ ይሠጋል፣ መፍትሔ ይፈልጋል ተብሎ ታሰበ። ሐብቱም እንዲሁ የተወሰነ ነበር፤ በዓለሙ ውስጥ ያለው ብረትና ቆዳ እየዞረ እንዲመለስ እንጂ ከምንም እንዲፈልቅ አልነበረም የታሰበው።

በሩ ተከፍቶ ሕዝቡ ሲገባ ምን ሆነ? ሁሉንም ገደለ። ጥንቸሏም በጓ፣ ተኩላውም ድቡም፣ ከመፈጠራቸው ይታረዱ ጀመር። ማሽኑ ሊተካ ከሚችለው በላይ ሆነ። ማንም ሰንሰለቱን ልብ ሳይለው ሰንሰለቱ ተበጠሰ፤ ሠሪዎቹም ነገሩን አውጥተው ጣሉት። የሐብቱም ዑደት አልሠራም፤ ሰዉ ሸሚዝ በሸሚዝ ላይ እየከመረ በቤቱ አጠራቅሞ ስለያዘው ወደ ዓለሙ የሚመለስ ነገር ጠፋ። በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ ገና በሙከራ ላይ እያለ፣ የዓለሙ ንጉሥ ሆኖ በአደባባይ የታየው ጋሪየት ራሱ በአንድ ተጫዋች እሳት ተገድሏል፤ የማይሞት የሚያደርገውን ምልክት ማብራቱን ረስቶ ኖሯል። በዚህ ብዙ ተሥቋል። እኛን ግን የሚያሳስበን ንጉሡ ሳይሆን ጥንቸሏ ናት። ሕያው ተብሎ የተሠራውን ዓለም የገደለው ክፉ ሰው አይደለም። እያንዳንዱ ተጫዋች የገደለው ጥቂት ነው፤ ብዙ የሆነው ተጫዋቹ ነው።

አሁን ወደምንወደው እንምጣ። «ጎቲክ» በ2001 የወጣ የጀርመን ጨዋታ ነው። የሠራው «ፒራኛ ባይትስ» የተባለ አነስተኛ ቡድን ሲሆን የተቋቋመው በ1997 በሩር አውራጃ ነው። ሩር የድሮ የድንጋይ ከሰል አገር ነው። የጎቲክም ታሪክ የማዕድን ቆፋሪዎች ታሪክ ነው። አንዱ ከሌላው መጣ ብለን አንሟገትም፤ ግን ሳንጠቅሰው ማለፍ አልሆነልንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ንጉሥ ሮባር ከኦርኮች ጋር ጦርነት ላይ ነው፤ ለሰይፍ የሚሆን የአስማት ማዕድን ያስፈልገዋል። ስለዚህ እንጀራ የሰረቀውንም ነፍስ ያጠፋውንም እስረኛ ሁሉ ወደ ማዕድኑ ሸለቆ ይልካል። እንዳያመልጡም 12 አስማተኞች በሸለቆው ላይ ግድግዳ እንዲሠሩ ያዛል። ግድግዳው ግን ከታሰበው በላይ ሰፍቶ አስማተኞቹን ራሳቸውን ውጦ አስቀራቸው። መግባት ይቻላል፣ መውጣት አይቻልም። እስረኞቹ በዚያ ግርግር ጠባቂዎቹን ገድለው ማዕድኑን ያዙ። ንጉሡ ምን ያድርግ? ማዕድኑ የግድ ያስፈልገዋል። ተደራደረ፤ እነሱ ማዕድን ይልካሉ፣ እሱ ምግብና ዕቃ ያወርድላቸዋል።

ከዚህ አንድ ተጨባጭ ሁኔታ የዓለሙ ኑሮ ሁሉ እንደ ክር ይተረተራል። ገንዘባቸው ወርቅ አይደለም፤ ወርቅ በዚያ ሸለቆ ምን ይሠራል? ገንዘባቸው ማዕድኑ ራሱ ነው። ሰዉ በሦስት ካምፕ ተከፍሏል። የድሮው ካምፕ ከንጉሡ ጋር እየነገደ በተሻለ ይበላል፤ ግድግዳው ቢፈርስ የሚጎዳው እሱ ነው። አዲሱ ካምፕ ማዕድኑን አይሸጥም፤ አከማችቶ ግድግዳውን ሊያፈነዳበት ይፈልጋል። ስለዚህ ከንጉሡ የሚመጣለት ምግብ የለም፤ ሩዝ ያመርታል፣ በሩዙ ማሳ ላይ ደግሞ ጉልበተኛ ደካማውን ያሠራዋል። ሦስተኛው በረግረጉ ውስጥ ሆኖ ይጸልያል፣ የሚጨስ ቅጠል አብቅሎም ለሁለቱ ይሸጣል። ሦስቱ የሚጣሉት ክፉና ደግ ስለሆኑ አይደለም፤ የየራሳቸው ሆድ ስላለ ነው። ተጫዋቹ ከመምጣቱ በፊት ይህ ጠብ ነበረ።

ተጫዋቹስ ማነው? ስም እንኳ የለውም። በግድግዳው ተወርውሮ ሲገባ በቡጢ ይቀበሉታል። የመጀመሪያው ሰው ሆኖ በደኅና ቃል የሚያናግረው ዲየጎ የሚባል የድሮው ካምፕ ሰው ነው፤ እሱም ቢሆን ካምፕ መግባት ከፈለግህ ሰው ያመስግንህ ይለዋል። ካምፑ ውስጥ ብለድዊን የተባለው ዘበኛ «ጥበቃ» እያለ 10 ማዕድን ይጠይቃል። አልከፍልም ያለ በኋላ የሚመጣበትን ያያል። የሰው ጎጆ ውስጥ ዘው ብሎ የገባ ተጫዋች «ምን ትሠራለህ? ውጣ!» ይባላል፤ ካልወጣ ይደበደባል። ሰይፉን መዞ በመንገድ የሄደም ሰው ሁሉ ያፈጥበታል። ተደብድቦ ሲወድቅ ደግሞ አይገድሉትም፤ ማዕድኑንና መሣሪያውን ወስደው ይተዉታል። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። በሌላው ጨዋታ ሁሉ ወይ ትገድላለህ ወይ ትሞታለህ፤ መዋረድ የሚባል ነገር የለም። እዚህ ግን ተነሥተህ፣ አቧራህን አራግፈህ፣ በደበደበህ ሰው አጠገብ እንደገና ማለፍ አለብህ።

ሰይፍ አያያዝ ሳይማር ሰይፍ የያዘ ሰው በሁለት እጁ እንደ መጥረቢያ ይይዘዋል፤ አስተማሪ ፈልጎ ከተማረ በኋላ አያያዙ በዓይን የሚታይ ለውጥ ያመጣል። አውሬውም ዝም ብሎ አይዘልም፤ መጀመሪያ ያስፈራራል፣ ወደ ኋላ ላለ ይተወዋል። ካርታ የፈለገ ካርታ ሠሪው ዘንድ ሄዶ ይግዛ። ማታ ማታ ሰዎቹ እሳት ይከባሉ። (በሁለተኛው ምዕራፍ ላይ «ኢን ኤክስትሬሞ» የተባለው የጀርመን ሙዚቃ ጓድ በካምፑ አደባባይ ቆሞ ይዘፍናል፤ ይህ ከታሪኩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፣ ደስ ስለሚል ብቻ ጠቀስነው።) ዓለሙ በስፋት ሲለካ ከዳገርፎል ጋር ጎን ለጎን አይቀርብም። ሸለቆ ነው፣ አለቀ።

እዚህ ላይ ከመካከላችን ክርክር ተነሣ። «እንግዲያው ሕያውነት ማለት ሰዎቹ መተኛታቸውና መነሣታቸው ነው» ያለ ነበር። ይህን የሚያፈርስ ምስክር አለ፤ «ሞሮዊንድ»፣ 2002፣ የዚያው የቤተዝዳ ሥራ። የሞሮዊንድ ሰዎች አይተኙም። ሱቅ ያለው ሰው ቀንም ሌሊትም እዚያው ቆሟል። ሆኖም ስንት ሰው ዛሬ ድረስ ሕያው ዓለም ሲባል የሚጠራው እሱን ነው። ለምን?

አንደኛው ምክንያት መንገዱ ነው። በካርታው ላይ ቀስት የለም። ሰው ይጠየቃል፦ ከድልድዩ ወደ ሰሜን፣ ትልቁን ድንጋይ ወደ ግራ ትተህ። የሚሰጠው አቅጣጫ አንዳንዴ ይሳሳታል። አገራችን ውስጥ መንገድ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ይህን ይረዳል። ሁለተኛው ግን ይበልጣል፤ የዚያ ደሴት ሰዎች የራሳቸው እምነትና ኩራት አላቸው፣ ለባዕድ ብለው አይለውጡትም። መጤ እያሉ ይጠሩታል። ቴልቫኒ የተባሉት ባለ አስማት መሳፍንት የሚኖሩት እንደ እንጉዳይ በበቀሉ ማማዎች ውስጥ ነው፤ በማማዎቹም ውስጥ ወደ ላይ የሚያወጣ ደረጃ የለም። መብረር የማይችል እንግዳ እኛ ዘንድ ምን ጉዳይ አለው ማለታቸው ነው። ስለ ደጃፋቸው አንድም ንግግር ሳይነገር ንቀታቸው በግንባታው ተጽፏል! የጥንቱ ጀግናቸው እንዴት እንደሞተም መጻሕፍቱ አይስማሙም፤ ቤተ መቅደሱ አንድ ይላል፣ ዘላኖቹ ሌላ ይላሉ፣ ጨዋታው ዳኛ ሆኖ አይፈርድም። የሰዓት ፕሮግራም የሌላቸው ሰዎች ታሪክ ስላላቸው ብቻ ቆሙ።

ቤተዝዳ በቀጣዩ ሥራው፣ በ2006 በወጣው «ኦብሊቪየን»፣ ሁለቱን ሊያጣምር ሞከረ። ለነዋሪዎቹ ግብ ብቻ እየተሰጠ አፈጻጸሙን ራሳቸው እንዲፈልጉ ተደረገ። ሠሪዎቹ በሙከራ ጊዜ የሆነውን ሲናገሩ፦ ለአንዱ ሬክ ተሰጥቶ ቅጠል ሰብስብ ተባለ፣ ለሌላው መጥረጊያ ተሰጥቶ መንገድ ጥረግ ተባለ። ሁለቱም በሰላም ሠሩ። ከዚያ መሣሪያቸውን አለዋወጧቸው። አንዱ ተገቢውን ዕቃ ለማግኘት ሌላውን ገደለው። ስኩማ የተባለው ሱስ ያለባቸውም ነዋሪዎች የሚሸጥላቸውን ሰው ይገድሉት ጀመር፤ ተጫዋቹ ያንን ሻጭ ለሥራው ሲፈልገው ሰውየው የለም። ስለዚህ ነጻነታቸው ተቀነሰ። አዩልን እንግዲህ! ዓለሙ እውነትም ያለ እኛ መኖር ሲጀምር፣ ለእኛ አልተመቸም ተብሎ ልጓም ተደረገለት። ሠሪዎቹን አንወቅስም፤ የገዛ ሰው ታሪኩን መጨረስ ይፈልጋል። ነገር ግን ምርጫ መሆኑ ይታወቅ።

በዚያው ጨዋታ ውስጥ ከዚህ የባሰ ነገር አለ። ተጫዋቹ ሲጠነክር ዓለሙ አብሮት ይጠነክራል። 100 ወርቅ ለመዝረፍ በመንገድ ዳር የቆመ ሽፍታ፣ ዋጋው ከሚዘርፈው ገንዘብ ስንት እጥፍ የሆነ የመስታወት ጥሩር ለብሶ ብቅ ይላል። ሸጦት ቤት አይሠራም ነበር? ይህ ሽፍታ ሆድ የለውም፣ ቤት የለውም፤ ያለው ለእኛ ብቻ ነው።

ሌሎችም መንገዶች ተሞክረዋል። የጃፓኑ ኒንቴንዶ በ2017 ባወጣው የዜልዳ ጨዋታ ሕጉን ለሰው ሳይሆን ለነገር ሰጠ፦ እሳት ሣሩን ያቃጥላል፣ ሙቀቱ ንፋስ ያነሣል፣ ብረት የያዘ ሰው በነጎድጓድ ጊዜ መብረቅ ይጠራል። ታርንና ዛክ አዳምስ የተባሉት ሁለት ወንድማማቾች ደግሞ ከ2006 ጀምሮ በ«ድዋርፍ ፎርትረስ» ሥዕሉን ትተው ሕጉን ብቻ ሲያበዙ ኖሩ። በ2015 በዚያ ዓለም ድመቶች በማይታወቅ ምክንያት ይሞቱ ጀመር። ሲመረመር መጠጥ ቤቱ ወለል ላይ ቢራ ይፈስሳል፣ ድመቶቹ ይረግጡታል፣ መዳፋቸውን ሲልሱ ይሰክራሉ። የጽዳቱን ሕግ የጻፈው ሰው ስለ ቢራው አላሰበም፤ የቢራውን የጻፈውም ስለ ድመት አላሰበም። ጻፊው ግን አንድ ሰው ነው።

ጎቲክን የሠራው ቡድን በ2024 ተዘግቷል። ከመነሻው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነበር። ጨዋታው ግን ያው አለ፣ እንደገናም ከፍተነው ነበር። በአራተኛው ምዕራፍ ላይ የድሮው ካምፕ ማዕድን ጉድጓድ ውሃ ገብቶበት ይደረመሳል። የሚሸጠው የቀረበት ጌታ የሌላውን ካምፕ ጉድጓድ በጉልበት ይይዛል፣ የተቃወሙትን የእሳት አስማተኞች ያስፈጃል፣ በሩን ይዘጋል። ተጫዋቹ ስንት ቀን የዋለበት፣ የተደበደበበትና በኋላም የተከበረበት ካምፕ አሁን በሩ ላይ ሰይፍ ይመዘዝበታል። ይህን ሳያውቅ እንደ ልማዱ ወደ በሩ የሚያመራ ሰው ይሞታል። እንዳይሞት ግን ዲየጎ ካምፑን ጥሎ ወጥቶ፣ ውጭ ቆሞ የሚያውቃቸውን ሰዎች ይጠብቃል።